አርእስቱ ላይ ያለችው አሮጊት

ስሜ አልተጠራም፤ ግን እኔ ነበርኩ። ጠዋት ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ የልጄ ሚስት ሪሃም ስልኳን የቅመም መደርደሪያው ላይ አስደግፋ ልብስ ልታሰጣ ወደ ሰገነቱ ወጥታለች። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት እንደ ልማዷ ታነባለች። ይህቺ ሴት ፊት የላትም፣ ትንፋሽ የላትም፣ አትደክምም፤ የፖርት ሰይድ ሴቶች የሚመካከሩበትን ግሩፕ ከላይ እስከ ታች አርእስት አርእስቱን ብቻ እየለቀመች ትወርዳለች። ሪሃም እጇ ሥራ ላይ ሲሆን እንዲህ ታስነብባታለች፤ ልቧን የሳበው አርእስት ሲመጣ እጇን በጉርድ ቀሚሷ አብሳ ትሄድና ከስሩ ያለውን ትከፍተዋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው፤ አብሬ እሰማለሁ። «የዓሣ ጠረን ከፍሪጅ እንዴት ይለቃል?» አለች ሴትዮዋ። «የሕፃን አልጋ፣ የእንጨት፣ ትንሽ ጭረት ያለው፣ የሚሸጥ።» «ለስኳር በሽተኛ የሚሆን ብስኩት የት ይገኛል?» ከዚያ በዚያው ድምጿ፣ ሳትወፍር ሳትቀጥን፣ «ከአሮጊት ጋር መኖር አቃተኝ፤ አንድ ቀን ቤቱን አቃጥላ ትጨርሰናለች። ሪሃም ሙስዓድ። መቶ አስራ ሁለት መልስ» አለችና ወደ ምንጣፍ አጣጠብ አለፈች።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ሌላ አሮጊት በዚያ ቤት የለችም። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ከእንጨት የተሠራ ሰገነት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ወጥ ቤት፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ አሮጊት ቢፈለግ የምገኘው እኔው ነኝ። ማቃጠሉንም ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ጋዙን ክፍት ሆኖ አገኘሁት ትላለች፤ እሳት የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚተነፍስ። ደጋግማ ነግራኛለች። እኔም የባሕር ነፋስ ነው ያጠፋው ብያታለሁ፤ ያንን መስኮት የሚያውቅ ሁሉ ነፋሱንም ያውቀዋል። ልጄ ሙስዓድ ይህን የሰማው አንድ ጊዜ ነው። ያን ቀን ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎን መሐል ቆሞ፣ «እማዬ፣ ስለ ጋዝ ሌላ ጊዜ አንዲት ነገር ከሰማሁ ኢስማዒሊያ ያለችው እህቴ ጋ እወስድሻለሁ፤ በቃ» አለኝ። ሙስዓድ ብዙ አይናገርም፤ ያለውን ግን ያደርጋል፤ ይህን ከእኔ ነው የወረሰው። ልጄ ሰባሕ ደግ ናት፤ ክፋት የለባትም። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ወለሉ እንደ መስታወት ያበራል። ግን ወጥ ቤቷ በር ላይ ትቆምና «አርፈሽ ተቀመጪ እማዬ» ትለኛለች። ሶፋው ላይ አስቀምጣኝ ከጀርባዬ ትራስ ታደርጋለች፣ ቴሌቪዥን ትከፍትልኛለች፣ ሻይ ታመጣልኛለች። ሳምንት ሳይሞላኝ እጆቼ ጭኔ ላይ ተጋድመው ሳያቸው የማን እንደሆኑ ይጠፋኛል።

ሪሃም ባዶውን ቅርጫት ይዛ ተመለሰች። አየችኝ፣ ሽንኩርቱን አየች፣ ዓይኗ ወደ ምድጃው ሄደ። ሁልጊዜ እንደዚያ ናት፤ ሰላም ከማለቷ በፊት ዓይኗ የጋዙን ቁልፍ ይነካል። «ሽንኩርቱ አስለቀሰዎት እንዴ ሐጃ?» አለችኝ። «እኔን ሽንኩርት አያስለቅሰኝም» አልኳት። ስልኳን አነሳች፣ ድምጹን ዘጋች፣ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። በዚያ ቤት ዝምታ ከተጀመረ ማንም ቸኩሎ አያነሳውም፤ ሁለታችንም እየዞርነው እንሠራለን። ጥቁሩን አባያዬን ለበስኩ፣ የገበያ ዘንቢሌን ያዝኩ። «የት ሊሄዱ ነው?» «ዓሣ ልገዛ።» «እኔ አልገዛም ነበር?» «አንቺ ስትገዢ ዓሣው ነው አንቺን የሚመርጥሽ» አልኳትና ወረድኩ።

ገበያው ስደርስ ዓሣ ሻጯ ኡም ባዲር በረዶዋን እየደበደበች ነበር። ይህቺ ሴት ከእኔ ጋር ስትከራከር ሃያ ዓመት የዓሣ ዋጋ ጨምራለች። ዛሬ ግን ከሩቅ ስታየኝ ስለ ዋጋ አልጀመረችም። «ሐጃ ኢንሻራህ! ቤቱ እስካሁን ቆሟል?» አለች ጮክ ብላ፤ ከጎኗ ሸርጣን የሚሸጡት ሴቶች ሳቁ። «ቤቴ ቆሟል። ያንቺ ዓሣ ግን ከሞተ አርባው አልፎታል፤ ዓይኑን እይው» አልኳት። አሁን ደግሞ በእሷ ሳቁ። እሷ ግን አልተበገረችም። «ኧረ እኔን ለምን ትቆጪኛለሽ? የጻፈችው ምራትሽ ናት። ሰፈሩ ሁሉ አንብቦታል። እኔ እንኳ አዝኜላት መልስ ሰጥቻለሁ።» «ምን ብለሽ?» «የጋዙን ቁልፍ ንቀይና ደብቂባት፤ አልሰማ ካለች ለሴት ልጇ ላኪያት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?» ይህን ያለችው የዓሣ ሆድ እየቀደደች ነው። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝና ዘጋሁት። የእሷ ባል ወደቡ ላይ ከሙስዓድ ጋር አንድ ፈረቃ ነው። ኡም ባዲር አንብባ ባሏ ሳይሰማ አይቀርም፤ ባሏ ከሰማ ምሳ ሲበሉ ለሙስዓድ ይነግረዋል፤ ሙስዓድ ማታ ሲመጣ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ አናት ያወርዳል። እጄ ውስጥ ያለው ዘንቢል ከበደኝ። ያ አርእስት ከዚያ ስልክ ውስጥ መውጣት አለበት አልኩ፤ ዛሬውኑ።

የግሩፑ አለቃ ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ሪሃም ከስልኳ ጋር ስትጨቃጨቅ ሁልጊዜ የምታነሳት አንዲት ዳውላት አለች፤ ማዶ ፖርት ፉአድ የልብስ ቁልፍና ክር የምትሸጥ። «ዳውላት አርእስቴን መለሰችብኝ» ትላለች፣ ልክ መምህር ደብተሯን እንደመለሰባት። እንግዲህ አርእስት የሚመልስ ሰው ካለ የሚያወጣም እሱው ነው። ወደ ጀልባው ወረድኩ። ጉልበቴ ከደረጃ ጋር አይስማማም፤ የጀልባው መወጣጫ ደግሞ ከሚያወርድ ይልቅ ያንገዳግዳል። አንድ ወታደር ክንዴን ሊይዝ መጣ፤ «አልወደቅኩም እኮ» አልኩት፤ ደንግጦ ለቀቀኝ። በኋላ ቆጨኝ፤ ጥሩ ልጅ ነበር። አጠገቤ ሴቶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ አንዷ ፈገግ ባለች ቁጥር የእኔን ነው የምታነበው እያልኩ ፊቴን ወደ ውኃው አዞርኩ። አንድ ግዙፍ መርከብ በመሐል ሲያልፍ ጀልባችን ቆሞ ጠበቀው። ሲጠብቅ ሲጠብቅ፣ እኔም ለዳውላት የምላትን ደርድሬ፣ አፍርሼ፣ እንደገና ደረደርኩ።

ሱቋ ጠባብ ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ትናንሽ የካርቶን ሳጥኖች ተደርድረውባታል። ዳውላት ወፍራም፣ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ከእኔ አሥር ዓመት የምታንስ ሴት ናት። ስልኳ ከፊቷ በማቆሚያ ቆሟል፤ በአንድ እጇ ክር ትጠቀልላለች፣ በአንድ እጇ ስልኩን ትነካለች።

«ዳውላት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፤ ይግቡ። ዚፕ ነው ቁልፍ?»

«አርእስት ነው» አልኳት።

ክሯን አስቀመጠች። የማን ብላ ጠየቀችኝ፤ የሪሃም ሙስዓድ አልኳት። መነጽሯን አደረገች፣ ከራስጌ እስከ እግሬ አየችኝ። «አሮጊቷ እርስዎ ነዎት?» አለች። «አሮጊት ሳልሆን አልቀረሁም። ግን ስም አለኝ፤ ኢንሻራህ እባላለሁ። ያንን አርእስት አሁን እዚሁ እያየሁ አጥፊልኝ።» ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ ውኃ ሰጠችኝ። ከዚያ «አይጠፋም» አለችኝ፣ ውኃውን ሳልጨርስ።

«እንግዲያው ቀይሪው። አሮጊት የሚለውን አውጪ፣ ማቃጠሉን አውጪ።»

«መቀየርም አይቻልም። ከመቶ በላይ ሴት ለዚያ አርእስት ነው መልስ የሰጠችው። ከላይ ያለውን ስቀይረው ከታች ያሉት ሁሉ እብድ ይመስላሉ። ባለፈው ዓመት አንዷ ‹ባሌ ካኮረፈኝ ወር ሆነው› ብላ ጻፈች፤ ሴቱ ሁሉ አዘነላት። ስትታረቅ አፈረችና አርእስቱን ‹የኩናፋ ጣፋጭ አሠራር› ብላ ቀየረችው። ከስሩ ምን የሚል ቀረ መሰለዎት? ‹ተይው እህቴ፣ ከእንግዲህ አይሻሻልም፣ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ።› አንዲት ምስኪን ኩናፋ ልትሠራ ገብታ ይህን አንብባ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።»

ሳቄ መጣ፤ መለስኩት። የመጣሁት ለመሳቅ አይደለም። ዳውላት ግን እኔን አላየችም፤ ስልኩን እያገላበጠች ነው። «ለመሆኑ ስሩን ሰምተሽዋል?» አለችኝ፤ ‹እርስዎ› ማለቱን ትታዋለች፣ ደስ አለኝ። አርእስቱን ብቻ ነው የሰማሁት አልኳት፤ ስልኩ የሚያነበው አርእስት ብቻ ነው። ራሷን ነቀነቀችና ማንበብ ጀመረች፤ እንደ ዜና አንባቢ ሳይሆን እንደ ሰው፣ ቀስ ብላ።

«‹እህቶቼ ሰላም። የባለቤቴ እናት ጋዝ ከፍታ ትረሳለች። ሦስት ጊዜ ደርሼ ዘግቻለሁ። ስነግራት ነፋስ ነው ትላለች፤ ጨምራም ትሰድበኛለች፤ ሩዝሽ ሙጫ ነው ብላኛለች። ለባለቤቴ ብነግረው እህቱ ጋ ይወስዳታል። ባለፈው እዚያ ሰንብታ ስትመለስ ግማሽ ሆና ነው የመጣችው፤ ቀሚሷን ሁሉ እኔ ነኝ ያጠበብኩት። ወጥ ቤቱን ልቆልፍባት አልኩ፤ ያኔ ደግሞ ምን ይቀራታል? እየተነሳሁ ጋዙን መዘጋቱን አያለሁ፤ እንቅልፍ የለኝም። ሳላስቀይማት እንዴት ልጠብቃት?›»

ቀሚሶቼ የጠበቡት በእጥበት ነው ብዬ ነበር የማስበው። «ሩዟ ግን እውነትም ሙጫ ነው» አልኩ።

«ሊሆን ይችላል» አለች ዳውላት። ፊቷ ቀላ፤ ተናዳለች፣ ግን በእኔ አልነበረም። «እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ ‹እርዱኝ እባካችሁ› ብላ ላከች፤ በምን እንርዳሽ ብዬ መለስኩባት። ‹ምክር ፈላጊ› ብላ ላከች፤ እዚህ ያለው ሁሉ ምክር ፈላጊ ነው ብዬ መለስኩባት። ሦስተኛው ላይ ተናደደችና ያንን ላከች። ግልጽ ነው ብዬ ለቀቅኩት። የጻፈችው ንዴቷን ነው፤ ጥያቄዋ ከታች ተቀምጧል፤ እኔም ሥራ በዝቶብኝ አላስተዋልኩም። አሁን ከሴቶቹ ግማሹ ስሩን ሳያነብ ለንዴቷ ነው የመለሰው። ቆልፊባት፣ ደብቂባት፣ አውጫት። የጠየቀችውን የመለሰላት ማን አለ? ሁለት ሦስት ሰው።»

እኔም ከዚያ ግማሽ ውስጥ መሆኔን አሰብኩ፤ ጀልባ ተሳፍሬ ባሕር የተሻገርኩት ለአርእስት ነው። ግን ወዲያው ሙስዓድ ትዝ አለኝ፤ ምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው። «እሺ፤ እኔም ከስሩ መልስ ልስጥ። ጻፊልኝ፤ ነፋስ ነው በይ።» ዳውላት እጇን አላንቀሳቀሰችም። «ያ ለጥያቄዋ መልስ አይደለም። በእሷ ጥያቄ ስር ገብተሽ የራስሽን ክስ አትከፍቺም፤ ይህ ወግ አይደለም። የራስሽ ነገር ካለሽ የራስሽን አርእስት ክፈቺ፤ እኔ እጽፍልሻለሁ።» ክፈቺ አልኳት። ዳኛ ፊት የቆምኩ መሰለኝ፤ ጀርባዬን አቀናሁ፣ ሻሼን አስተካከልኩ፣ ጀመርኩ። በፈጣሪ ስም ጀምሪ አልኳት። ከዚያ ሰላም ለእህቶች ሁሉ፣ ለትልልቆችም ለትንንሾችም፣ ለታመሙት ምሕረት፣ ለሞቱት እረፍት፣ መንገድ ላይ ላሉት በሰላም መግባት። ዳውላት ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ባላነበውም መስመሩ እንደሞላ አየሁ።

«እዚህ ላይ አለቀ» አለችኝ። «ሴቲቱ ስልኳን ስትከፍት የምታየው ለሞቱት ስትጸልዪ ነው። ማን ሞተባት ብላ ደንግጣ ትገባለች።»

«ሰላም ሳይባል ነው ታዲያ የሚጠየቀው? እኔ ባለጌ ነኝ?»

«ሰላሙ ከስር ይገባል፤ የፈለግሽውን ያህል። እነዚህ ሳጥኖች እያንዳንዳቸው ፊት ላይ አንድ አንድ ቁልፍ ሰፍቻለሁ፤ አየሽ? ሰው ሁሉንም እየከፈተ እንዳይበረብርብኝ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ከውጭ እንዲያይ ነው። አሁን ንገሪኝ፤ ያንቺ ሳጥን ውስጥ ምንድነው ያለው?»

«ምራቴ ትወቅ፤ ጋዝ የሚያጠፋው ነፋስ ነው» አልኳት። አልጻፈችም። አርእስት ላይ የሰው ስም ይዞ መክሰስ አይቻልም፣ ‹ትወቅ› ብሎ መጮህም አይቻልም፣ ደግሞም ይሄ ጥያቄ አይደለም አለችኝ። እኔም ወግሽ በዛ፣ ይህን ሁሉ ሕግ ያወጣው ማነው፣ መንግሥት ነሽ እንዴ አልኳት። አልተቆጣችም። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ኢንሻራህ፤ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከዳውላት በፊት ማን ጠይቆኝ እንደነበረ አላስታውስም። ምን ሆንሽ ይሉኛል፣ ምን ጎደለሽ ይሉኛል፣ ለምን እንዲህ አደረግሽ ይሉኛል። «ማብሰል» አልኳት። «እሱ ግማሹ ነው» አለች። «ማን ከለከለሽ?»

ያኔ አንዲት ወጣት ለሙሽራ ቀሚስ ነጭ ዚፕ ልትገዛ ገባች። ዳውላት ተነስታ መሰላል ላይ ወጣች፤ ልጅቷ ይሄ ያጥራል፣ ያኛው ይወፍራል ትላለች። እኔ ሳጥኖቹን አየሁ፤ ቀይ፣ የዕንቁ፣ የእንጨት፣ የወርቅ ቀለም፤ ሁሉም ውስጡን ፊቱ ላይ አውጥቶ ተቀምጧል። ሰሞኑን ያደረግኩትን አሰብኩ። ማክሰኞ ነበር፤ ምስር ጥጄ ጨው ልወስድ ዞርኩ፤ ቀጥሎ የማስታውሰው ሰገነቱ ላይ ቆሜ መርከብ ሳይ ነው። በመሐል ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ምስሩን ከእሳት ያወረድኩት እኔ ልሁን ወይስ ሪሃም ትሁን አላውቅም። ያን ቀን ደግሞ መስኮቱ ዝግ ነበር፤ ደጅ እንኳ ነፋስ አልነበረም። ይህን ለራሴም ብዬው አላውቅም፤ የሚያውቀው መስኮቱ ብቻ ነው። ልጅቷ ዚፗን ይዛ ወጣች። ዳውላት ሳትጠይቀኝ ነገርኳት፣ አንድ ጊዜ፣ ሳልደጋግም። እሷም ቀና ብላ ሳታየኝ ጻፈችው፤ ጽፋ ስትጨርስ አነበበችልኝ።

«‹ማብሰል መተው አልፈልግም፤ ጋዝ መዝጋት ግን እረሳለሁ። ምን ላድርግ?›»

ልክ መስመሩን ሞላው፤ አልተረፈም። ስም ልጻፍ ወይ አለችኝ፤ አትጻፊ አልኳት። «‹አንዲት እናት› ልበል?» «‹አንዲት አሮጊት› በይ። ራሴ ስለው ሌላ ነው።» ከስር ሰላምታዬን ሁሉ አስገባችልኝ፣ የታመሙትንም የሞቱትንም ሳትቀንስ። ስወጣ ለአባያዬ የጎደለውን ቁልፍ ሰፍታልኝ ነበር፤ ልከፍላት ብል ሂጂ ወዲያ አለችኝ።

ሲመለስ ጀልባው ባዶ ነበር። ከኡም ባዲር ርቄ ከሌላ ሰው ሁለት ቡሪ ዓሣ ገዛሁ፤ ዋጋው ያስለቅሳል፣ ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። ቤት ስደርስ ፀሐይዋ ከሰገነቱ ወርዳ ሳሎን ገብታለች። ሪሃም መሬት ቁጭ ብላ የደረቀ ልብስ ታጥፋለች። የሙስዓድን ሸሚዞች ለብቻ፣ የእኔን ለብቻ። «እስካሁን የት ነበሩ ሐጃ? ጨነቀኝ እኮ» አለች። «ዓሣ ሩቅ ነው የሚዋኘው» አልኳት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ ትራስ ላይ ተጋድሞ ሴትዮዋ ታነባለች። ስለ መጋረጃ፣ ስለ ሒሳብ አስጠኚ፣ ስለ ጠፋች ድመት። ከዚያ የእኔን አለች። በዚያ በማይሞቅ በማይበርድ ድምጿ፣ የእኔን፣ ‹አንዲት አሮጊት› ብላ ጨረሰች። ልቤ እንደ ልጃገረድ መታ። ሪሃም እጇ ውስጥ ያለውን ሸሚዝ አስቀመጠች፣ ስልኩን አነሳች፣ አነበበች። ረጅም ጊዜ አነበበች፤ ሰላምታው ረጅም ነው። ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መጻፍ ጀመረች።

«ለማነው?» አልኳት።

«ለማላውቃት ሴት። ሐጃ፣ እንዴት ያለ ልብ ነው ያላት! ማን ደፍሮ እረሳለሁ ይላል? እኔ ቁልፌን ስረሳ እንኳ በር ላይ ነው የማሳብበው።»

«ምን አልሻት?»

አመነታች። ስለ ጋዝ ከእኔ ጋር መነጋገር ፈርታለች። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሳ አነበበችልኝ። «‹እናቴ፣ ማብሰልዎን አይተዉ። አንድ ሰው አብሮዎት ይቁም። እጅዎን አይንካብዎ፣ አያርምዎ፤ እሳቱን ብቻ ይክፈት፣ ይዝጋ። የሚቆምልዎ ሰው ከሌለ የት እንዳሉ ይንገሩኝ፤ ቅርብ ከሆኑ እኔ እመጣለሁ።›» እኔን ሐጃ ነው የምትለኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሐጃ። ለማታውቃት ግን እናቴ ብላ ጻፈች። ቀናሁ መሰለኝ።

«እውነት ትሄጂላታለሽ?»

«እሄዳለሁ። የትም ብትሆን።»

«እንግዲያው ተነሺ» አልኳት። «ወጥ ቤት ድረስ ነው።»

አልገባትም። ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ዘንቢሉን አየች። አዲስ የተሰፋውን ቁልፍም አየች መሰለኝ። ሲገባት እንባ ይመጣል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቁጣ ነው የመጣው። «ዳውላት ጋ ሄደሽ? በጀልባ? ብቻሽን? በዚህ ጉልበትሽ! ብትወድቂስ? ውኃ ውስጥ ብትገቢ ማን ያየሻል? ስልክ እንኳ አልያዝሽም!» እርስዎ ማለቱ ከአፏ ወድቆ የት እንደገባ አታውቅም፤ እኔ አውቄዋለሁ፤ ይጣፍጣል። ጮኻ ጮኻ ሲደክማት ድምጿ ወረደ። «የኔን ሰምተሻል ማለት ነው» አለች። ሰምቻለሁ አልኳት። «ተናድጄ ነበር።» «አውቃለሁ። ዳውላት ስሩን አንብባልኛለች።» «ላጥፋው ብዬ ለመንኳት፤ አይጠፋም አለችኝ።» «ተይው ይቀመጥ። ኡም ባዲር ምን ታነባለች ታዲያ?» ሳቀች፤ ስትስቅ ነው እንባዋ የመጣው። ሸሚዙን አንስታ ዓይኗን ጠረገችበት፤ የሙስዓድን ንጹሕ ሸሚዝ።

ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው አያስቆምም ብያለሁ፤ ስለዚህ እሷ በሩ ላይ ቆመች። ክፈቺ አልኳት፤ ክብሪቱን ጭራ ከፈተች። ሽንኩርቱን በዘይት እስኪጠቁር አበሰልኩት፤ የዓሣው ሩዝ ሰያዲያ የሚሆነው ሽንኩርቱ ሊቃጠል ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ያቺን ጥቂት ሪሃም አታውቃትም። አላረመችኝም። አንድ ጊዜ እጇ ሲንቀሳቀስ አየኋት፤ ክንዷን በክንዷ አቀፈችው፣ ያዘችው። ሩዙን ስጨምር አንገቷን አስግጋ ተመለከተች፤ ውኃውን በስንት ጣት እንደምለካ አሳየኋት። ዓሣውን ስገለብጥ አንዴ ለምን እንደዞርኩ ጠፋኝ፤ ጨው ይሁን ሎሚ። ቆምኩ። ሪሃም «ሎሚ» አለች፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣ ማንንም እንዳላናገረች። ሎሚውን ወሰድኩ። ሲበስል «ዝጊው» አልኳት፤ ዘጋችው።

የሙስዓድ ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲዞር ሳህኖቹን እያቀረብን ነበር። ከአረማመዱ እንደሰማ አወቅኩ፤ ጫማውን አላወለቀም። ሳሎን መሐል ቆመ። «የባዲር አባት በሰው ፊት ምን አለኝ መሰላችሁ?» አለ። «ቤታችሁ እስካሁን ቆሟል ወይ አለኝ። ሰው ሳቀብኝ። እማዬ፣ ተናግሬ ነበር። ዓርብ ዕለት ኢስማዒሊያ ነን። በቃ።» ሪሃም የሩዙን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስድስት ዓመት ለባሏ በሰው ፊት፣ በእኔም ፊት፣ መልሳለት አታውቅም። «እናትህ የትም አትሄድም» አለችው። «እሷ ታበስላለች፣ ጋዙን እኔ እከፍታለሁ፣ እኔ እዘጋለሁ። እኔ ከሌለሁ አይለኮስም። ተስማምተናል፤ ጫማህን አውልቅ።» ሙስዓድ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ቁጣው ፊቱ ላይ እንዳለ ነው፣ ከስሩ ግን ልጅ ሳለ ትኩሳት ሲይዘው የነበረው ፊት አለ። ይህን ያህል የፈራ አልመሰለኝም ነበር። «እማዬ» አለኝ፣ ዝቅ ብሎ፣ «እውነት ትረሻለሽ?»

ነፋሱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ሪሃምን አየኋት፤ ዓይኗን ከትሪው ላይ አላነሳችም።

«እረሳለሁ» አልኩት። «ተቀመጥ፤ ዓሣው ይቀዘቅዛል።»